የጽሑፍ ማዛመጃ ሕግ ሲቀየር ነባሩን ሥራ እንዴት እንጠብቅ?

በማርች 2023 የጂኤንዩ ግሬፕ 3.9 ወጣ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ግሬፕ በሊኑክስ ላይ ከፋይል ውስጥ ቃልና ሐረግ ፈልጎ የሚያወጣ፣ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ስክሪፕቶች የተደገፉበት መሣሪያ ነው። አዲሱ ቨርዥን ይዞት የመጣው ማስተካከያ ተገቢ ነበር። በፒ አማራጭ፣ ማለትም በፐርል ዓይነት ሬጌክስ ሲሠራ፣ የቃል ፊደልን የሚወክለው ባክስላሽ ደብሊው የሚያውቀው የእንግሊዝኛ ፊደላትን፣ ከ0 እስከ 9 ያሉትን አኃዞችና የግርጌ ሰረዝን ብቻ ነበር። «ሰላም» ለእሱ ቃል አልነበረም። 3.9 ይህን ወደ ዩኒኮድ አሰፋው። ይሁንና ያው ቅንብር የአኃዝ ምልክት የሆነውን ባክስላሽ ዲንም አብሮ አሰፋውና ከ0 እስከ 9 ብቻ ይጠብቁ የነበሩ ስክሪፕቶች የዓረብኛ አኃዞችንም ያገኙ ጀመር። በዚያው ወር 3.10 ወጥቶ ባክስላሽ ዲን ወደ ቀድሞው መለሰ፤ ምልክቱ በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ሲገባ ግን መሥራት አቆመ። በሜይ የወጣው 3.11 ነገሩን ወደ 3.8 ጠባይ መለሰው። «ሰላም»ም እንደገና ቃል መሆኑ ቀረ።

ግሬፕን የሚጠብቁት ሰዎች በሙያቸው አንቱ የተባሉ ናቸው። እነሱን እንዲህ ያንገላታ ለውጥ በየመሥሪያ ቤቱ የፍለጋ ፕሮግራም፣ የሎግ ማጣሪያ ወይም የዳታቤዝ መጠይቅ የምንጽፈውን እኛንም ያንገላታል። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ የማዛመጃ ሕግ ለመቀየር ለተነሣ ፕሮግራመር ነው። የትኛው ሕግ ይበልጥ ትክክል እንደሆነ መወሰን ከሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ፣ የድሮው ሕግ የሰጠው መልስ የት የት ተጽፎ እንደቀረ ማወቅ ነው፤ ደረጃዎቹን ያሰናዳሁትም በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ነው።

ኮዱን ከመንካትዎ በፊት የዛሬውን ጠባይ ይመዝግቡ

መሣሪያው ዛሬ በእርግጥ የሚያደርገውን ይመዝግቡ፤ ሰነዱ ያደርጋል የሚለውን ለጊዜው ይተዉት። ተጠቃሚ የሚለምደው ያየውን ውጤት ነው፤ ስህተትም ቢሆን ዓመታት ከቆየ የሚተማመንበት ሰው አያጣም። ስለዚህ የግብዓት ስብስብ ያዘጋጁና ለእያንዳንዱ ግብዓት ተገኘ ወይስ አልተገኘም፣ የትኛው ክፍል ተገኘ፣ ፕሮግራሙስ በምን የመውጫ ቁጥር ጨረሰ የሚለውን ይጻፉ። የመውጫ ቁጥሩ እንዳይረሳ አደራ። ግሬፕ ሲያገኝ 0፣ ሲያጣ 1፣ ስህተት ሲገጥመው 2 ይመልሳል። «የለም»ን ከ«አልቻልኩም» እየለዩ የሚሠሩ ስክሪፕቶች የቆሙት በዚህ ልዩነት ላይ ነው። ቀድሞ 1 ይመልስ የነበረ ፓተርን በአዲሱ ሕግ 2 ከመለሰ፣ በስክሪኑ ላይ የታየው አንድ ዓይነት ቢሆንም፣ ለእነዚህ ስክሪፕቶች ዓለም ተለውጧል።

በስብስቡ ውስጥ ባዶ ጽሑፍ ይኑር። የመጨረሻው መስመር ሳይዘጋ ያለቀ ፋይል፣ በዩቲኤፍ-8 ትክክል ያልሆኑ ባይቶች፣ ትልቅና ትንሽ ፊደል የተቀላቀለበት ስም፣ ነጥብ ያለውና የሌለው የቱርክኛ አይ ይኑሩ። የሚቀይሩትን ምልክት በሚገባባቸው ቦታዎች ሁሉ ያስገቡት፦ ብቻውን፣ በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ፣ በአሉታዊ ቅንፍ ውስጥ፣ ከመደጋገሚያ ምልክት ጋር። የ3.10 ስህተት ተሸሽጎ የነበረው በማዕዘን ቅንፉ ውስጥ ነው።

የግዕዝ ፊደልም ይግባ። ለባለ ፊደሉ አክብሮት መሆኑ እንዳለ ሆኖ፣ ሌላ ጽሑፍ የማያወጣቸውን ችግሮች ያወጣል። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በ3.0 ቨርዥን ነው። ከ፩ እስከ ፱ ያሉት አኃዞቻችን ግን እንደ ዓረብኛና እንደ ሂንዲ አኃዞች በአሥር ቤት አኃዞች ምድብ ውስጥ አልተመደቡም። የግዕዝ አጻጻፍ ዜሮ የለውም፤ ለዐሥር፣ ለሃያና ለመቶ የራሳቸው ምልክት ስላለው አኃዞቹ «ሌላ ቁጥር» ከተባለው ምድብ ተቀምጠዋል። በመሆኑም ባክስላሽ ዲን ወደ ዩኒኮድ ማስፋት የዓረብኛውን ሦስት ሲያመጣ የእኛን ፫ አያመጣም። በፓይተን 3 ነገሩ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። ኢዝዲጂት የተባለው ተግባር ስለ ፩ ሲጠየቅ «አዎ፣ አኃዝ ነው» ይላል፤ ባክስላሽ ዲ ግን አያገኘውም፤ ኢንት ደግሞ ወደ ቁጥር ለውጠው ሲባል ስህተት ያወጣል። አንድ ፎርም ግብዓቱን በኢዝዲጂት አጣርቶ ወደ ኢንት የሚያሳልፍ ከሆነ ፩ን ተቀብሎ መሐል ላይ ይወድቃል።

ሁለት ነጥቡም («፡») ተመሳሳይ ጣጣ አለው። በዩኒኮድ የተመዘገበው እንደ ሥርዓተ ነጥብ እንጂ እንደ ክፍት ቦታ አይደለም፤ ባክስላሽ ኤስ አያገኘውም። በሁለት ነጥብ የተለያየ የቆየ ጽሑፍ በክፍት ቦታ በሚከፋፍል መሣሪያ ሲያልፍ ዐረፍተ ነገሩ በሙሉ እንደ አንድ ቃል ይቆጠራል። ይህን ማስተካከል በጎ ሐሳብ ነው። ሆኖም የዐምድ ቁጥር ቆጥሮ የሚሠራ ስክሪፕት ሁሉ ሦስተኛው ዐምድ ድንገት ሰባተኛ ሊሆንበት ይችላል።

ከዚያ የድሮውንና አዲሱን ፕሮግራም በአንድ ስብስብ ላይ ጎን ለጎን ያሂዱ። የተለያዩበትን እያንዳንዱን መስመር በዓይንዎ ያንብቡ። ልዩነቱ የታሰበ ነው? ያልታሰበ ግን የሚቀበሉት ነው? ወይስ ሊደርስ የማይገባው? ከሦስተኛው ዓይነት አንድ እንኳ ከተገኘ ወደ ኮዱ ይመለሱ።

መልሱ የት ተቀምጧል?

የማዛመጃ ውጤት ሰው አይቶት የሚያልፈው ሊሆን ይችላል፤ ሌላ ፕሮግራም የሚያነበው ሊሆን ይችላል፤ ዲስክ ላይ ተጽፎ የሚቀመጥም ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ብዙ አያሳስብም፤ ሰው ያየውን አገናዝቦ ይረዳል። ሁለተኛው ማስጠንቀቂያና ጊዜ ይፈልጋል። ሦስተኛው ላይ ግን ማስጠንቀቂያ አይረዳም፤ ዲስክ ማስጠንቀቂያ አያነብም።

የሊኑክስ ከርነል ይህን በ2024 ማብቂያ በከባድ መንገድ አሳይቶናል። ከ2019 ወዲህ፣ ከ5.2 ጀምሮ፣ ኤክስት4 የተባለው የፋይል ሥርዓት ትልቅና ትንሽ ፊደልን ሳይለይ የፋይል ስም መፈለግ ይችላል። ንድፉ ጥንቃቄ የተሞላበት ነበር። ይህ ጠባይ ለአንድ ማውጫ የሚበራው ማውጫው ባዶ ሳለ ብቻ ነው፤ የሚሠራበት የዩኒኮድ ቨርዥንም በፋይል ሥርዓቱ ዋና መዝገብ ላይ ይጻፋል። ስሞቹ ሲፈለጉ ግን ለንጽጽር ከተስተካከለው ስም የሚወጣ የሃሽ ዋጋ ያገለግላል፤ ይህ ዋጋ ዲስክ ላይ ይቀመጣል። በ2024 በገባው ለውጥ፣ ዩኒኮድ ችላ ሊባሉ ይችላሉ የሚላቸው የማይታዩ ምልክቶች፣ ለምሳሌ ከቀይ ልብ ኢሞጂ ኋላ የሚቀመጠው ምልክት፣ በንጽጽር ጊዜ ከእንግዲህ እንዳይጣሉ ተደረገ። አዲሱ ሕግ ከድሮው የተሻለ ነበር። ዳሩ ግን በድሮው ሕግ የተሰላው ሃሽ ዲስኩ ላይ እንዳለ ነው፤ በአዲሱ ሕግ የሚሰላው ከእሱ ጋር አይገጥምም። ፋይሉ እያለ የለም ተባለ። በዲሴምበር የከርነሉ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ለውጡን መለሰው። ሲመልሰውም የድሮው ጠባይ ስህተት መሆኑን ተቀብሎ ነው፤ በመሐሉ በአዲሱ ሕግ የተፈጠሩ ፋይሎች ደግሞ በመመለሱ ሊጎዱ እንደሚችሉ ጭምር ጽፏል።

በኦገስት 2018 የወጣው የጂኤንዩ የሲ ላይብረሪ፣ ጂሊብሲ 2.28፣ ተመሳሳይ ታሪክ አለው። የፊደላት ቅደም ተከተል ሰንጠረዡ ከአይኤስኦ 14651 የ2016 እትም ጋር እንዲስማማ ታደሰ። ፖስትግሬስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ የጽሑፍ ዐምዶችን ኢንዴክስ ሲሠራ በነባሪው አሠራር የሚከተለው የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ቅደም ተከተል ነው። ሰዎች ሰርቨራቸውን ወደ ዴቢያን 10 ወይም ወደ ሬድ ሃት 8 ሲያሳድጉ፣ በድሮው ቅደም ተከተል የተደረደረው ኢንዴክስ በአዲሱ ይፈለግ ጀመር። ሠንጠረዡ ውስጥ ያለ ረድፍ በኢንዴክሱ በኩል ሲፈለግ ሊጠፋ፣ አንድ ብቻ እንዲሆን የተገደበ ዋጋም ሁለቴ ሊገባ ቻለ። መድኃኒቱ ኢንዴክሶቹን እንደገና መሥራት ነው፤ ይህን የሚያደርገው ግን ያወቀ ሰው ብቻ ነው። የላይብረሪው ለውጥ ትክክል ነበር፤ ዳታቤዙም የራሱን ሥራ በአግባቡ ሠርቷል። ጉዳቱ የመጣው በመካከላቸው «ይህ ኢንዴክስ የተሠራው በዚህ የቅደም ተከተል ቨርዥን ነው» የሚል ማስታወሻ ስላልነበረ ነው።

በእርስዎ ፕሮግራም ውስጥ የሚፈልጉት ነገር ከዚህ ይወሰዳል፦ ሃሽ፣ ኢንዴክስ፣ «አንድ ብቻ» የሚል ገደብ፣ ካሽ፣ ከጽሑፍ የተሠራ የፋይል ስም። አንዱ እንኳ ካለ ከመረጃው ጎን የሕጉን ቨርዥን ይጻፉ፤ ያ መረጃ እስካለ ድረስም የድሮውን ሕግ ኮድ ያቆዩ። ኮዱ አስቀያሚ ቢሆንም ይቆይ።

ለአማርኛ ፍለጋ የሚሠሩ ሰዎች ይህ ጉዳይ በቀጥታ ይነካቸዋል። ሀ፣ ሐ እና ኀ በዩኒኮድ የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። አንዱን በሌላው የሚተካ የዩኒኮድ ሕግ የለም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱን ያበጃል። «ኃይሉ» ብሎ የፈለገ ሰው «ሀይሉ» ተብሎ የተመዘገበውን እንዲያገኝ መፈለጋችን ትክክል ነው። የድምፅ ሞክሼዎቹን ወደ አንድ የሚያመጣው ተግባር ግን የመዝገቡ ዋና ዐምድ ላይ በቀጥታ ከዋለ ሁለት ጉዳት ይከተላል። የመለያ ስም አይደገምም የሚል ገደብ ካለ፣ ትናንት ሁለት የነበሩት «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» ዛሬ አንድ ሆነው ይጋጫሉ፤ የአንደኛው ባለቤት መግባት ይከለከላል ወይም በሌላው መዝገብ ይገባል። ሁለተኛው ጉዳት የጽሑፉ ነው፤ «ድኅነት» እና «ድህነት» የተጻፉበት የሃይማኖት ሰነድ አንዴ ከተቀላቀለ በኋላ የትኛው መዳን፣ የትኛው ማጣት እንደነበር ከመዝገቡ አይመለስም። እኔ የምመክረው አንድ መንገድ ነው፦ የተጻፈው እንደተጻፈ ይቀመጥ፤ የተዋሐደው በሌላ ዐምድ ይጻፍ፤ ፍለጋው በአዲሱ ዐምድ ይሁን፤ የ«አንድ ብቻ» ገደቡ በድሮው ላይ ይቆይ። የማዋሐጃው ሕግ ነገ ሲሻሻል አዲሱን ዐምድ ጠርጎ እንደገና መሙላት ይቻላል። ተጨማሪው የዲስክ ቦታ ለዚህ ነፃነት ትንሽ ዋጋ ነው።

ያሰፋል ወይስ ያጠብባል?

ለውጡ ከበፊቱ የበለጠ እንዲገኝ ያደርጋል? ወይስ ያነሰ? ከዚያ ፓተርኑ የተቀመጠበትን ቦታ ይዩ። የሚፈቅድ ዝርዝር ላይ ማስፋት በር መክፈት ነው፤ የሚከለክል ዝርዝር ላይ ደግሞ በሩን የሚከፍተው ማጥበብ ነው። ይህን ለመሥራት የፕሮግራሙን ተጠቃሚዎች ሁሉ ማወቅ አያስፈልግም። ፓተርን ለፈቃድ ሊውል ይችላል ወይ ብሎ መጠየቅ ይበቃል፤ መልሱ አዎ ከሆነ ሁለቱም አቅጣጫዎች አደገኛ ናቸው።

ተራ ተጠቃሚ በአስተዳዳሪ ሥልጣን ትዕዛዝ እንዲያሄድ የሚፈቅደው ሱዱ ጥሩ ምሳሌ ነው። ፈቃዶቹ በሚጻፉበት የሱዱወርስ ፋይል ውስጥ በትዕዛዝ ተቀጥላ ላይ የሚገባው ኮከብ ክፍት ቦታንም ያልፋል። አንድ ሠራተኛ የሎግ ፋይሎችን ብቻ እንዲያነብ ተብሎ በኮከብ የተጻፈ ፈቃድ፣ ከሎጉ ስም ቀጥሎ ሌላ ፋይል ጨምሮ የይለፍ ቃል መዝገብን ለማንበብ ሊውል ይችላል፤ የሱዱ ሰነድ ራሱ ያስጠነቅቃል። የኮከቡን ትርጉም ማጥበብ ያጓጓል። ሆኖም በየሰርቨሩ ያሉ ሕጋዊ ፈቃዶች በአንድ ሌሊት መሥራት ያቆማሉ። የሱዱ ሰዎች በ2022 በ1.9.10 ኮከቡን እንዳለ ትተው ሌላ ቦታ ከፈቱ፤ በመነሻ ምልክት የሚጀምርና በመጨረሻ ምልክት የሚያልቅ ጽሑፍ እንደ ሬጌክስ እንዲነበብ አደረጉ። የድሮው ፋይል እንደ ድሮው ይሠራል፤ ጥብቅ ፈቃድ የፈለገ አዲሱን ይጽፋል።

መንገዱን መምረጥ

አዲስ ጠባይ የሚገባበት ከሁሉ የተሻለ ቦታ ከዚህ በፊት ስህተት ይሰጥ የነበረ ወይም ማንም አይጽፈውም ተብሎ የሚታሰብ አጻጻፍ ነው። እሱ ከሌለ አዲስ አማራጭ ይጨምሩ። አማራጭ ካልበቃ ፋይሉ ራሱ የትኛውን ሕግ እንደሚከተል በመጀመሪያው መስመሩ ይናገር። ነባሪውን መቀየር የመጨረሻው ነው።

«መስፈርቱ ጉዳዩን ክፍት ትቶታል፣ ስለዚህ ነፃ ነኝ» የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ ይሰማል። መስፈርቱ የሚነግርዎ በሕግ እንደማይጠየቁ ነው፤ የሰው ስክሪፕት እንደማይሰበር አይነግርዎም።

ነባሪውን መቀየር ግን አንዳንድ ጊዜ ግድ ነው፤ ከኤ እስከ ዜድ የሚለው የማዕዘን ቅንፍ ይህን ያሳያል። መሣሪያዎች የአገርን የፊደል ቅደም ተከተል መከተል ሲጀምሩ፣ በአሜሪካ እንግሊዝኛ ሎካል ትንንሽ ፊደላትን ብቻ ይይዛል የተባለው ቅንፍ ትልልቆቹንም ይዞ ተገኘ። በትንሽ ፊደል የሚጀምሩ ፋይሎችን ላጥፋ ያለ ሰው ሌሎቹንም ያጠፋል። የ2008 የፖዚክስ መስፈርት ከሲ ሎካል ውጭ የቅንፉን ትርጉም ክፍት ተወው፤ ጋውክ የተባለው የጽሑፍ ማቀነባበሪያ በ2011 በ4.0 ወደ ፊደላቱ የኮድ ቁጥር ቅደም ተከተል ተመለሰ፤ ባሽ የተባለው ሼልም በ2019 በ5.0 ይህንኑ ነባሪው አደረገው። እነዚህ ለውጦች ትክክል ነበሩ ብዬ አምናለሁ። በቅደም ተከተሉ ላይ ተመክቶ ሆን ብሎ የጻፈ ሰው እጅግ ጥቂት ነው፤ የተደናገረው ብዙ ነው፤ የመደናገሩም ዋጋ የጠፋ ፋይል ነው። እርስዎም ነባሪ ለመቀየር ሲነሡ በዚህ ሚዛን ይመዝኑ፦ በድሮው ጠባይ ላይ አስቦ የቆመው ማን ነው፣ ሳያውቅ የሚጎዳውስ ማን ነው? ባሽ ይህን ሲያደርግ የድሮውን ጠባይ የሚመልስ ቅንብር አብሮ መተዉን ልብ ይበሉ።

ማስጠንቀቂያ ማን ያየዋል?

ኢግሬፕና ኤፍግሬፕ የተባሉት ትዕዛዞች ከ2007 ጀምሮ ጊዜ ያለፈባቸው ተብለው ነበር። በስክሪን ላይ ማስጠንቀቂያ መታተም የጀመረው ግን በ2022 በግሬፕ 3.8 ነው። ማስጠንቀቂያው የወጣው በስህተት መስመሩ ላይ ነው፤ ዋናው ውጤትና የመውጫ ቁጥሩ አልተነኩም። ይህ ትክክለኛው አሠራር ነው። እንዲያም ሆኖ በስህተት መስመር ላይ አንድ ፊደል ካየ «ወድቋል» የሚል የመፈተሻ ፕሮግራም በየቦታው አለ፤ ስለዚህ ማስጠንቀቂያም ራሱ ለውጥ ነውና እንደ ለውጥ ያስታውቁት።

ፓይተን ደግሞ በፓተርን መሐል የሚገቡ የጠባይ መቀየሪያ ምልክቶችን ከ3.6 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2016፣ እያስጠነቀቀ ቆይቶ በ2022 በ3.11 ስህተት አደረጋቸው። ስድስት ዓመት ረጅም ነው፤ ነባሪው ቅንብር እንዲህ ያለውን ማስጠንቀቂያ በአብዛኛው ስለሚደብቀው ግን ዘመኑን በሙሉ ሳያየው የቆየ ሰው ይኖራል። የሚጽፉት ማስጠንቀቂያ የትኛው ፓተርን፣ በየትኛው ፋይልና መስመር እንደሆነ ይናገር፤ በምን መተካት እንዳለበትም ጨምሮ ይንገር።

ከመልቀቅዎ በፊት

የመመለሻውን መንገድ አስቀድመው ይጻፉ። አዲሱ ሕግ ዲስክ ላይ የሚጽፍ ከሆነ ከለቀቁት ሰዓት ጀምሮ ሁለት ዓይነት መረጃ ይኖርዎታል፤ የከርነሉ ታሪክ እንደሚያሳየው መመለስ ብቻውን አያድንም። ስለዚህ በመጀመሪያው ቨርዥን አዲሱን ማንበብ የሚችል ግን የማይጽፍ ኮድ ያውጡ፤ መጻፉን በሚቀጥለው ቨርዥን ያብሩ። ያኔ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈለገው ሰው የተጻፈውን ማንበብ አያቅተውም።

በመጨረሻም የለውጥ ማስታወሻውን ይጻፉ። «የዩኒኮድ ድጋፍ ተሻሽሏል» የሚለው መስመር ለማንም አይጠቅምም። አንድ ግብዓት፣ አንድ ፓተርን፣ የትናንቱን ውጤትና የዛሬውን ውጤት ጎን ለጎን ያስቀምጡ፤ ከሥሩም የድሮውን ጠባይ የፈለገ ሰው ምን ብሎ መጻፍ እንዳለበት ያመልክቱ። የግሬፕ 3.10 ማስታወሻ ይህን አድርጓል፦ 3.9 የትኞቹን አኃዞች በስህተት ያገኝ እንደነበር አኃዞቹን ጽፎ አሳየ፤ እነሱን ሆን ብሎ ለሚፈልግ ሰውም የትኛውን የዩኒኮድ ምድብ ምልክት እንደሚጠቀም ነገረ። የአማርኛ ተጠቃሚዎች ካሉዎት ከምሳሌዎቹ አንዱን በግዕዝ ፊደል ያድርጉት፤ ለውጡ ለእነሱ ምን እንዳመጣና ምን እንዳላመጣ በአንድ መስመር ያዩታል።